ባሕር በሌለበት አገር ስለ ነፋስ የተማርነው
(የመተማ ቆላ የጉዞ ማስታወሻ)



ከጎንደር ወደ መተማ የሚጓዝ መንገደኛ አይከልን ካለፈ በኋላ ደጋውን ከጀርባው ጥሎ መውረድ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ ይከብዳል፤ ጋቢ ከትከሻ ላይ ይነሣል፤ የአውቶቡሱ መስኮቶች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። በዚህ መንገድ ላይ ነጋዴ ባሕር የምትባል ከተማ አለች። ባሕር የሚባል ነገር ግን በአካባቢዋ አይታይም። የስሟን ምክንያት አብረውን የሚጓዙትን ሰዎች ብንጠይቅ ሁሉም የየራሱን ግምት ነገረን። እኛም ፈገግ ብለን አለፍነው። ያ ጉዞ ስለ ባሕርና ስለ ጀልባ የምናስብበት ይሆናል ብለን አልጠበቅንም ነበርና።

ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። የሄድነው በምዕራብ ጎንደር በገንዳ ውኃ ከተማ ለሁለት ሳምንት ያህል ለመድረሳ ልጆች የፊዚክስና የሒሳብ ማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ነው። ዝናቡ ቆሞ የሰሊጥ አጨዳው የደረሰበት ወቅት በመሆኑ ከደጋው የወረዱ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ይታያሉ። ከተማይቱ ስሟን የምትጋራው ወንዝም ጉልበቱ ቀንሶ እዚህና እዚያ ኩሬ እየሠራ መቅረት ጀምሯል። ከዙህር ሶላት በኋላ ያለው ሙቀት ከባድ ነው። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ነፋስ ብቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ነፋሱ ይመልሳል። ነፋስ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበር። ስሙን አንጠቅስም። ትሑትና ዝምተኛ ቢሆንም ሲጠይቅ ግን ነገሩን ከሥሩ የሚይዝ ነው። በሦስተኛው ቀን ስለ ኃይልና ስለ ፍትጊያ እያስተማርን ሳለ እጁን አወጣና፣

«ኡስታዝ፣ ነፋስ ከሌለ በባሕር ላይ ያለ ጀልባ ምን ይሆናል?» አለን።

«ባለበት ይቆማል» ብለን መለስንለት።

«ሰዎቹስ?»

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ የገባን በኋላ ነው።

የሐጂ ወግ

ጁሙዓ ዕለት ይኸው ልጅ አያቱን እንድንዘይር ወደ መተማ ዮሐንስ ወሰደን። ከገንዳ ውኃ ተነሥቶ በኮኪት በኩል እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ሜዳማ ነው፤ ግራና ቀኙ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነው። መተማ ዮሐንስና ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ድልድይ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 ከመሕዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት የቆሰሉትና ያረፉት በዚህ ምድር ላይ ነበር። የአሁኑ ድንበር ደግሞ የተበጀው እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ነው።

ይሁን እንጂ መተማ ከጦርነቱም ከድንበሩም በፊት የሐጃጆች ማረፊያ ነበረች። ከዛሬዎቹ ናይጄሪያ፣ ቻድና ዳርፉር ተነሥተው በእግራቸው ወደ መካ የሚጓዙ ሙስሊሞች ተካሪር ይባሉ ነበር። ጉዞው ዓመታት ስለሚፈጅ በየደረሱበት እያረሱ፣ እየነገዱና ቁርኣን እያስቀሩ ስንቃቸውን ያጠራቅማሉ። ከእነርሱም ብዙዎች ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በዚህ ቆላ ቀሩ፤ ጥጥ ዘሩ፤ ገበያ አቀኑ፤ የራሳቸው ሼኽ ያለው አገርም ሆኑ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 እዚህ ሲደርስ ያገኘው የእነርሱን ከተማ ነው።

የልጁ አያት ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በግቢያቸው ዛፍ ሥር ዐንገረብ ላይ ተቀምጠን ሻይ ቀረበልን። ስለ ዘራቸው ጠየቅናቸው።

«የአባቴ አባት ከምዕራብ በእግሩ ሲመጣ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል» አሉን ሐጂ። «ከዚህ ወደ ሰዋኪን ሄደ። ከሰዋኪን በሳንቡክ ተሳፈረ። ነጋዴዎች ዕቃቸውን ሲጭኑ የእሱ ዕቃ አንድ አቁማዳ ውኃ፣ አንድ ከረጢት ዱቄትና አንድ መስገጃ ብቻ ነበር ይባላል። ከዳርቻው ሳይርቁ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ሞተ።»

«ከዚያስ?» አልናቸው።

«ከዚያማ ሰዉ ተንጫጫ። ናኹዳው ግን አልጮኸም። በመጀመሪያ ሰዉን አደብ አስያዘ። የቆመውን አስቀመጠ፤ የተቀመጠው እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ከኋላ የተከመረውን ዕቃ ወደ ፊት አስጠጋ። ሸራውን በባሕር ውኃ አስረጨ። ከዚያም ተቀምጦ ጠበቀ። ሌሊት ከምድር በኩል ትንሽ ነፋስ ይመጣል አለ። መጣም። የበግ ጠጉር የማያነቃንቅ ነፋስ ነበር ይላል አባቴ። በዚያች ነፋስ ግን ሄዱ፤ ደረሱም።»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ወግ ከልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ ቢሆንም የባሕሩ ጠባይ ግን ይመሰክርለታል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ነፋስ በብዛት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነው። በደቡቡ ክፍል ግን ከጥቅምት ገደማ እስከ ግንቦት ድረስ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ነፋሳት ፊት ለፊት በሚገናኙበት ቦታ አንዱ ሌላውን ስለሚሽረው ባሕሩ ይረጋል፤ ነፋሱም ደካማና ተለዋዋጭ ይሆናል። የመገናኛው ቦታ በአብዛኛው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ነው። ሰዋኪን ያለችው ደግሞ 19 ዲግሪ ላይ ነው! ሐጃጆች የሚሻገሩት ነፋስ በሚጠፋበት ሠፈር በኩል ነበር ማለት ነው።

የሌሊቱ ነፋስ ነገርም እንዲሁ እውነት ነው። ቀን ምድር ከባሕር ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከባሕር ወደ ምድር ይነፍሳል። ሌሊት ምድር ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ተገልብጦ ከምድር ወደ ባሕር ይሄዳል። የድሮ ባሕረኞች ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረው ታላቁ ሙስሊም ባሕረኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ነፋሳት ወራትና ስለ ቀይ ባሕር አለቶች የሚያስተምር ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ትቷል። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ሞንሱን» የሚለው ቃል ራሱ «መውሲም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ወቅት ማለት ነው።

ሐጂ ወጋቸውን ሲጨርሱ ልጁ ድንገት ተናገረ።

«እንግዲህ አባባ፣ እሱ በጀልባ ተሻግሮ ደረሰ። እኔስ በሊቢያ በኩል ብሻገር ምን ልዩነት አለው? ወንድሜም ሄዷል።»

ግቢው ጸጥ አለ። ሻይ የምትቀዳው ሴት እጇ ላይ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች፤ እናቱ ነበረች። ሐጂ ልጁን ብዙ ጊዜ አዩትና በለሰለሰ ድምፅ፣

«እነሱ ናኹዳ ነበራቸው ልጄ። የአንተን ጀልባ የሚይዛት ማን ነው?» አሉት።

ልጁ አልመለሰም። እኛም መምህር ተብለን ተቀምጠን ሳለ የምንለው ጠፋን። ምክር ብንሰጥ ሰምቶታል፤ ብንቆጣ ይሸሸናል። ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልን። ልጁ የጠየቀው ስለ ጀልባ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጀልባ እናስተምረው አልን።

አራት ሃይላንድ

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስድስት ልጆች ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን። ውኃው በረጋበት፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍበት ኩሬ ዳር ተቀመጥን። የያዝነው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ ሃይላንድ የሚለው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ፣ የተሰነጠቀ ሽመል፣ ሲባጎ፣ ፌስታልና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ።

በመጀመሪያ በአንድ ፕላስቲክ ላይ ምሰሶ ተክለን የፌስታል ሸራ ሰቀልንበት። ውኃው ላይ እንዳስቀመጥነው ተገለበጠ። ልጆቹ ጠጠር ጨመሩበት። አሁን ቆመ፤ ነገር ግን ከብዶ እስከ ወገቡ ሰመጠ፤ የጠዋቱም ነፋስ ሊያነቃንቀው አልቻለም። ከዚያ አራት ፕላስቲኮችን ሁለት ሁለት አድርገን በርዝመታቸው አሰርንና ሁለቱን ጥንዶች አንድ ክንድ ያህል አራርቀን በሽመል ስንጥቅ አጋጠምናቸው። ምሰሶውን መካከል ላይ ተከልን። ይህኛው ያለ አንዳች ጠጠር ቆመ።

«ለምን አልወደቀም?» አልናቸው።

«እግሩን ስለዘረጋ ነው» አለ ከሁሉ ትንሹ ልጅ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኛም የለንም። እግሩን ገጥሞ የቆመን ሰው መግፋት ቀላል ነው፤ አንፈራጦ የቆመውን ግን አይደለም። ባለ አንድ አካል ጀልባ እንዳትወድቅ ከሥሯ ክብደት ትሸከማለች። መንታዋ ጀልባ ግን የምትቆመው በስፋቷ ነው። ክብደት ስለማትሸከም ትቀላለች፤ ስለምትቀልም ትፈጥናለች።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ባለ መንታ አካል ጀልባ የሚጠራበት «ካታማራን» የሚለው ቃል ከደቡብ ሕንድ የታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የታሰረ እንጨት ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የስዋሂሊ ሙስሊም ዓሣ አጥማጆች ንጋላዋ በምትባል ጀልባ ይሠራሉ። ንጋላዋ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ጠባብ ታንኳ ስትሆን በግራና በቀኝ በተዘረጉ እንጨቶች ጫፍ ሁለት ተንሳፋፊ ሳንቃዎች ይታሰሩላታል። ከዓመታት በፊት ወደ ዛንዚባር በሄድን ጊዜ በንጋላዋ ተሳፍረን አንድ ጠዋት ሙሉ ነፋስ ስንለምን አሳልፈናል። ባለቤቷ ያሳዩንን ያን ጊዜ ልብ አላልነውም ነበር። በገንዳ ውኃ ኩሬ ዳር ግን ሁሉም አንድ በአንድ ትዝ አለን።

አንደኛው ትምህርት የክብደት ነው። ነፋስ ሲበረታ ጀልባን የሚጎትታት ማዕበል ነው፤ ነፋስ ሲደክም ግን ዋናው ጠላት ውኃው በጀልባዋ ቆዳ ላይ የሚያደርገው ፍትጊያ ነው። መንታ ጀልባ ሁለት አካል ስላላት ውኃ የሚነካት ቆዳ ይበዛል። ስለዚህ በትንሽ ነፋስ መንታ ጀልባ ከብዳ ከተጫነች ባለ አንድ አካሏ ትቀድማታለች። ልጆቹ ባዶዋን ጀልባ ሲለቋት ቀስ ብላ ሄደች። አራት ጠጠር ሲጨምሩባት ቆመች። ነፋሱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ጭነቱ ነው።

ሁለተኛው የመቀመጫ ነው። አንድ ጠጠር ከኋላ ብናስቀምጥ የኋላዋ ጠልቆ ውኃውን እየጎተተ አስቸገራት። ያንኑ ጠጠር ወደ ፊት ስናመጣው ግን ተንቀሳቀሰች። የንጋላዋው ባለቤትም ነፋስ ሲደክም ሁላችንንም ወደ ፊትና ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን አስጠግተውን ነበር። ክብደት ወደዚያ ሲሄድ ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ከውኃው ከፍ ይላል፤ የሚታሸው ቆዳ ይቀንሳል፤ ሸራውም በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቅርጹን ይይዛል። የሐጂ ናኹዳም ዕቃውን ወደ ፊት ያስጠጋው ለዚሁ ነበር።

ሦስተኛው የጸጥታ ነው። በትንሽ ነፋስ አንድ ሰው ድንገት ቢነሣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች፤ ሸራው ይርገበገባል፤ በስንት ትዕግሥት የተጠራቀመው ጉዞ በአንድ ቅጽበት ይበተናል። መሪውንም እንዲሁ ደጋግሞ ማወዛወዝ አይገባም። መሪ ሲዞር ልክ እንደ ፍሬን ነው።

አራተኛው የሸራ ነው። ልጆቹ ሸራውን ወጥረው ወጥረው አሰሩት፤ ሰው ሁሉ የሚመስለው የተወጠረ ሸራ ብዙ ነፋስ የሚይዝ ነው። ጀልባዋ ግን ወደ ጎን ተንሸራተተች እንጂ ወደ ፊት አልሄደችም። ገመዱን ትንሽ ላላ አድርገን ሸራው እንደ ተጎነበሰ መዳፍ እንዲጎብጥ ስናደርገው መንገድ ያዘች። በጣም ካላላነው ደግሞ ይርገበገባል። ልኩን ለማወቅ ከሸራው ላይ አንዲት ክር አሰርን፤ ክሯ ወደ ኋላ ቀጥ ብላ ስትተኛ ነፋሱ በትክክል እያለፈ ነው ማለት ነው።

አምስተኛው ልጆቹን ከሁሉ ያስገረማቸው ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ያንን ነፋስ የፈጠረው የራሱ ጉዞ ነው። ቀላል መንታ ጀልባም አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረች የራሷ ጉዞ የሚፈጥረው ነፋስ ከእውነተኛው ነፋስ ጋር ተደምሮ ሸራዋን ያበረታላታል። ስለዚህ ብልህ ባሕረኛ በትንሽ ነፋስ አፍንጫውን በቀጥታ ወደሚፈልገው ቦታ አይቀስርም። በመጀመሪያ ነፋሱን በጎን ተቀብሎ ትንሽ ይፈጥናል፤ ከፈጠነ በኋላ ቀስ በቀስ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዘነብላል። ነፋሱ ከኋላው ሲሆንም ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለ ይሄዳል። መንገዱ ይረዝማል፤ የሚደርሰው ግን ቀድሞ ነው። ሲዞርም ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ ቀላል ጀልባ በድንገት ከዞረች ወዲያው ትቆማለችና።

ስድስተኛው የዓይን ነው። በረጋ ውኃ ላይ ነፋስ የነካው ቦታ ሽብሽብ ብሎ ጠቆር ይላል። ልጆቹ በኩሬው ላይ ይህን ጥቁረት ማየት ከተማሩ በኋላ «መጣ! መጣ!» እያሉ ነፋሱ ሳይደርስ ይናገሩ ጀመር።

ቆርቆሮዋን ከሥሯ ቀጥ አድርገን እንደ ክንፍ ከተከልንላት በኋላ ጀልባዋ ወደ ጎን መንሸራተቷን ተወች። ፀሐይ ሳትበረታ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ተሻገረች። ልጆቹ «አላሁ አክበር» ብለው ዘለሉ። የእኛ ልጅ ግን አጎንብሶ ክሯን ያይ ነበር።

ከጣና እስከ አትላንቲክ

በጥላ ሥር አርፈን ሳለ አንዱ «ይህ እኮ መጫወቻ ነው፤ እውነተኛ ባሕር ላይ አይሠራም» አለን። እኛም የደንገልን ታሪክ አወጋናቸው።

በባሕር ዳር በጣና ዳርቻ የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሙስሊሞች ደንገልን እያሰሩ ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የተሞላ በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ ውሎ ሲያድር ግን ውኃ ስለሚጠጣ ወደ ምድር አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይቻላል ብሎ በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። «ራ» የተባለችውን ጀልባ በግብፅ በፒራሚዶቹ አጠገብ የሠሩለት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሙያተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አብደላ ጂብሪን የተባለው አብሮ ተሳፍሯል። የሐጃጆቹ ተካሪር አገር ሰውና የእኛ አገር ደንገል በአንድ ጀልባ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

«ራ» እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውኃ ጠጥቶ ስለሰመጠ ሰዎቹ ትተዋት ወጡ። ሄየርዳል ግን ስሕተቱን መርምሮ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አሠራ። «ራ 2» የተሠራችው በደቡብ አሜሪካ ቲቲካካ ሐይቅ ሙያተኞች ሲሆን ሁለት ወፋፍራም የደንገል እስሮች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው ካለ ቀጭን እስር ጋር በገመድ የተጠፈሩባት ነበረች። መንታ ነበረች ቢባል ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1970 ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ለቅርባችን ደግሞ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 የእኛው ጓንግ የሚፈስበት የአትባራ ወንዝ ሞልቶ ሳለ የተሻገረው ስምንት የተነፉ አቁማዳዎችን ከዐንገረብ ጋር አስሮ ነው። ዋናተኞች እየጎተቱ ሚስቱን በደረቁ አሻገሩለት። አልጋና አቁማዳ እንኳ በሚያውቅ ሰው እጅ ጀልባ ይሆናሉ።

«ስለዚህ ይቻላል» አለ ልጁ።

«በሚያውቅ ሰው እጅ» ብለን ደገምንለት።

ናኹዳ የሌላት ጀልባ

ከዚያ በኋላ የምናውቀውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ነገርነው። ከሊቢያ ዳርቻ የሚነሡት ጀልባዎች ብዙ ጊዜ ከዐቅማቸው በላይ የተጫኑ የጎማ ወይም አሮጌ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው። አሻጋሪው አብሮ አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ መሪውን ከስደተኞቹ ለአንዱ ሰጥቶ ይመለሳል። ያ ሰው ባሕር አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ከ30,000 በላይ ሰዎች በሜዲትራንያን ባሕር እንደሞቱ ወይም እንደጠፉ መዝግቧል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከሊቢያ የተነሣች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ አምስት መቶ ያህል ሰዎችን የጫነች ጀልባ ከጣሊያኗ ላምፔዱሳ ደሴት ልትደርስ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልቀራትም ነበር። ሞተሯ ቆመ። ከዳር እንዲያዩአቸው ብርድ ልብስ ላይ እሳት ለኮሱ። እሳቱ ሲበረታ ሰዉ ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ሸሸ። ጀልባዋ ተገለበጠች። 368 ሰዎች ሞቱ።

«ባሕሩ ተናውጦ ነው?» አለን ልጁ።

«አይደለም። ሰዉ በአንድ ጎን ስለሆነ ነው።»

ልጁ ጠጠሮቹን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ጀልባዋን ከውኃው አወጣና በአንዱ ጎን ላይ አራቱንም ጠጠር ደርድሮ መልሶ አስቀመጣት። ተገለበጠች። ሸራዋ ወደ ታች፣ ፕላስቲኮቿ ወደ ላይ ሆነው ተንሳፈፈች። መንታ ጀልባ አንዴ ከተገለበጠች በራሷ አትቃናም። ልጁም አላቃናትም፤ ቆሞ ብዙ ጊዜ አያት።

ወደ ከተማው ስንመለስ በመንገድ ላይ ወደ እኛ ቀርቦ እንዲህ አለን፦ «ኡስታዝ፣ ደላላው ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ስልኩ ሁሉን ነግሮኛል። ጀልባዋን ማን እንደሚይዛት ግን ጠይቄው አላውቅም።»

«ጠይቀው» አልነው። ሌላ አልጨመርንም።

እኛ ወደ ቤታችን በተመለስን በስድስተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023፣ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በዚያች ትንሽ ድልድይ ላይ ሰው ሁሉ ወደዚህ ይጎርፍ ጀመር፤ ሱዳናውያኑም፣ ለሥራ ሄደው የነበሩ የእኛ ሰዎችም ሕፃናት አዝለው፣ የቻሉትን ብቻ ይዘው መጡ። ልጁ ያን ሰሞን ደውሎልን ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ለሚመጡት ሰዎች ውኃ እያቀረበ መሆኑን ነገረን። የወንድሙን ነገር ጠየቅነው። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደውሎ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ድምፁ እንዳልተሰማ ነገረን። እናቱ ስልኩን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። ስለ ራሱ ስንጠይቀው «አለሁ ኡስታዝ፤ እየተማርኩ ነው» አለን። አልሄድም ብሎ ግን አልማለልንም፤ እኛም አላስማልነውም።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ እኛ ከዚያ ቆላ ይዘን የተመለስነው ይህንን ነው። ነፋስ የደከመበት ዘመን በሁሉም ቤት ይመጣል። ሥራ ይጠፋል፤ ፈተና ይወድቃል፤ ደጅ የተጠናበት በር ሳይከፈት ይመሻል። በዚህ ጊዜ የሐጂ ናኹዳ ያደረገውን ማስታወስ ይበጃል። ሰዉን አረጋጋ፤ ጭነቱን አስተካከለ፤ ሸራውን አዘጋጀ፤ ከዚያም የነፋሱን ጌታ ለምኖ ጠበቀ። ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ተደናግጦም አልሮጠም። ልጆቻችን ስለ መንገድ ሲጠይቁን ደግሞ ከመቆጣታችን በፊት አብረናቸው እንቀመጥ፤ የሚያውቁትን እንጠይቃቸው፤ የምናውቀውን ሳንደብቅ እናሳያቸው። ኩሬ በየሠፈሩ አይጠፋም፤ ባዶ ፕላስቲክም ሞልቷል።

የጠፉትን አላህ ለወላጆቻቸው ይመልስልን። በየባሕሩ የቀሩትንም ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።